ደርቃ የተፈረደባት ዕፅ

«ደረቅ ዕፅ እየለየ ስም የሚሰጥ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ። ይህን የሚናገሩት ምክር ፈልጋ ለመጣች ሴት ነው። «ወንድሜ በአባታችን ለቅሶ ላይ አንዲት እንባ አልወጣውም፤ አውቄዋለሁ፣ ልቡ ድንጋይ ነው። ደጄን ቢረግጥ ላስገባው ወይስ ልመልሰው?» ብላቸው ነበር።

ሰውየው የሚሠራው የደረቁ ዕፆች በሚቀመጡበት ቤት ነው። ወዳጁ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ደኖች እየዞረ፣ በዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፈው የሚበቅሉ፣ አበባም ሥርም የሌላቸው ጥቃቅን ዕፆች ይለቅም ነበር። ወዳጁ ሊሞት ሲል የለቀመውን ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ ላከለትና፣ «ከነዚህ አንዷ ገና ስም የላትም፤ አደራ፣ ፈልጋት» አለው። ደኖቹም ብዙ ሳይቆይ ተመንጥረው አለቁ።

እንዲህ ያለች ዕፅ ሳትረጥብ አትታይም፤ የሙያው ደንብ ነው። ውሃ ጠብ ይደረግባታል፣ እስክትዘረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ትታያለች። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሥራ በዝቶበታል፣ በዓይኑም ይተማመናል፤ መጠበቁ ሰለቸው። ጥቅልሉን እየፈታ፣ የተኮማተረ ቡናማ ነገር ባየ ቁጥር «ያው የታወቀችው ናት» እያለ ወደ ቅርጫት ይጥል ጀመር። ባለማወቅ ቢሆንማ ይቅር በተባለ። ለወዳጁም በሆዱ፣ «ምስኪን፣ ሕመሙ ነው ያስቀባጠረው» ብሎ አዘነለት።

የመጨረሻውን ወረቀት ለመግለጥ ጣቱን በምራቁ አረጠበ። ወረቀቱ ላይ የነበረች አንዲት የደረቀች ስባሪ ጣቱ ላይ ተለጠፈች። ሊያራግፋት ሲል ቀስ ብላ ተዘረጋች፣ አረንጓዴ ሆነች፤ ከቅጠሎቿ ሥርም ውሃ የሚይዙ ትናንሽ ከረጢቶች ብቅ አሉ። መነጽሩን አንሥቶ ደጋግሞ አየ። እንዲህ ያለ ከረጢት አይቶ አያውቅም፤ ወዳጁ ስም የላትም ያላት እሷ ነበረች። ደነገጠ፣ ስለ ወዳጁ ባሰበውም አፈረ። ሌሎቹን ሊያወጣ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ፤ ቅርጫቱ ግን ቀደም ብሎ ሞልቶ፣ ያለበት ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ውጭ ወጥቶ ተቃጥሏል። ምን ምን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም።

መምህሩ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«አንቺም ወንድምሽን ያየሽው ደርቆ ነው፣ ልጄ። ሐዘን አንዱን ያስለቅሳል፣ ሌላውን ያደርቃል። ሲመጣ አስገቢው፣ ራት አቅርቢለት፣ እስኪናገርም ታገሺው። ከዚያ ወዲያ ልቡ ድንጋይ ነው ብትዪ አልከራከርሽም። አሁን ግን አትቸኩዪ። እናት አባትሽ አልፈዋል፤ ሌላ ወንድም ከየትም አይመጣልሽም።»