ሻሽ የለበሱ አበቦች

አንድ አትክልተኛ ነበር፤ ስሙ ደምለው ይባላል። የሚኖረው ጭጋግ እስከ ረፋድ በማይነሳበት፣ ሰውም ዛፍም ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ በሚመስልበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ሚስቱ አስካለ የሩቅ ቆላ አገር ልጅ ነበረች። አንድ ዓመት ዘመዶቿን ጠይቃ ስትመለስ ሁለት የፓሽን ፍሬ ሐረግ ችግኞች በቅል ይዛ መጣች። ገበያ የምናገኘው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ አንዷ ፍሬ ስትቆረጥ ሽታዋ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል። በትውልድ መንደሯ እንኳ ዘሩ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «የቀመስከው ቀን የት እንዳደግሁ ይገባሃል» አለችው ባሏን።

አንዱን ችግኝ በደጃቸው ተከለች። ሁለተኛውን ግን ከአጥር ወዲያ ለሚኖሩት ለጎረቤታቸው ለእትዬ ማንያህልሻል ሰጠች። ደምለው ቅር አለው። «ስንት አገር አቋርጠሽ ያመጣሽውን ለሰው ትሰጫለሽ?» አላት። አስካለ ሳቅ ብላ ችግኟን ማጠጣት ቀጠለች። ሐረጓ ገና ሳታብብ አስካለ ታመመች፤ በዚያው ሞተች። ከዚያ በኋላ ደምለው ከሚስቱ የቀረው ነገር ያቺ ሐረግና ያልቀመሰው ፍሬ ብቻ ሆነ።

በዓመቱ ሐረጓ አበበች። አበባዋ እኩለ ቀን ላይ ይከፈታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ዙሪያውን ሐምራዊ ክር የተነሰነሰበት፣ አይተው የማይጠግቡት አበባ ነው። እትዬ ማንያህልሻል አንድ ቀን በቀትር መጥተው በራፉ ላይ ቆሙና «ወይኔ፣ ስታምር!» አሉ። ከዓይን ያውጣት ማለቱን ረሱት። በማግስቱ አበቦቹ አንድ ሳይቀር ረግፈው መሬት ላይ ተገኙ። ደምለው ደሙ ፈላ። እትዬ ማንያህልሻል ተመልሰው ሲመጡ በሩን በፊታቸው ዘጋው፤ አልፎ ተርፎም እድርተኛው በተሰበሰበበት «ዓይኗ ነው የጣለብኝ!» ብሎ ተናገረ። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ እንግዲህ ማን ይመልሰዋል?

ደምለው በሁለቱ ቤቶች መካከል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የሸምበቆ አጥር አጠረ። የአስካለን ነጭ ሻሾች እየቀደደም ትንንሽ ከረጢት ሰፋ፤ አበባ ሊፈነዳ ሲል ዓይን እንዳይበላው ያለብሰዋል። የሰው ዓይን እንዳያያት ሲል የንብም ዓይን እንዳያያት መሸፈኑን ልብ አላለም፣ ምስኪን። እንዲህ አድርጎ ስድስት ዓመት ኖረ። አበቦቹ ሻሽ እንደለበሱ ያብባሉ፤ ሻሽ እንደለበሱ ይረግፋሉ።

በሰባተኛው ዓመት የሐረጓ ግንድ ከሥሩ መድረቅ ጀመረ። የእንዲህ ዓይነቷ ሐረግ ዕድሜ አጭር ነው። ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢተክል በሰበሰበት። ዘር እንዳይተካ ፍሬ የለም። ሐረጓ ከሞተች አስካለን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር መሰለው።

አንድ ቀን በቀትር ከሐረጓ ሥር ተቀምጦ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶታል። አስካለ በጭጋጉ ውስጥ በባዶ እግሯ መጣችና ከአበቦቹ ላይ ሻሹን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።

«ደምለው፣ እነዚህን ሁሉ ሙሽሮች ሸፋፍነህ ታስቀምጣለህ፤ ሰርገኛው በየት በኩል ይግባ?» አለችው። ሊመልስላት ሲል ነቃ።

ቀና ሲል ከሻሾቹ አንዱን ነፋስ ፈቶታል። አንድ ትልቅ ጥቁር ንብ ከተገለጠችው አበባ ወጣና በሸምበቆው ላይ ተሻግሮ ሄደ። ደምለው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ወዲያ ማዶ የአስካለ ሁለተኛዋ ሐረግ በንጹሕ ድጋፍ ላይ ተዘርግታ፣ ሥሯ ተኮትኩቶና ውኃ ጠጥቶ፣ ሙሉ አበባ ይዛ ቆማለች። እሱ ድሮ ተነቅላለች ብሎ ነበር የሚያስበው። እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው።

ይቅርታ ጠያቂ ባዶ ትከሻውን አይሄድምና፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥቶ ተሸከመ። ወደ እትዬ ማንያህልሻል ደጃፍ ሄዶ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ በድዬዎታለሁ። ስምዎን አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውርደው አንተ ድንጋዩን! ወገብህ ቢቀነጠስ ደግሞ በዓይኗ ነው ልትል» አሉት።

«ስንት በድዬዎት እንዴት ሳይነቅሏት ቀሩ?»

«የአስካለ አደራ አይደለች እንዴ? አደራ ይነቀላል?»

«የእርስዎስ አፈራች?»

«በምኗ ታፍራ! አስካለ ስትሰጠኝ ነግራኛለች፤ ይህች ሐረግ በራሷ አበባ ብናኝ አታፈራም፣ የሌላዪቱን ትሻለች። ንብ እያመላለሰ ያጋባቸዋል። ሁለት ያመጣችው ለዚህ ነው። ያን ዓመት የኔዋ ገና አላበበችም ነበርና አበባህ ረገፈ። ይህንኑ ልነግርህ ብመጣ በሩን ዘጋህብኝ።» የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እናቶች በደጄ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑብኛል፣ ደምለው። አንጀቴ አሯል።»

ደምለው አለቀሰ። እሳቸውም አለቀሱ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሸምበቆውን ግን በገዛ እጅህ ታፈርሳለህ። በአደባባይ ያጠፋኸውንም ስም በአደባባይ ትመልሳለህ።»

አበቦቹ ሳይዘጉ ለመድረስ ደምለው አጥሩን በዚያው ከሰዓት አፈረሰ። እትዬ ማንያህልሻል ሻሾቹን እየፈቱ ለተገለጠች ሙሽራ ሁሉ «እልል» አሉላት። ንቦቹ በሁለቱ ሐረጎች መካከል እስኪመሽ ተመላለሱ። በማግስቱ መሬት ላይ ብዙ አበባ አልረገፈም። እሑድ እድርተኛው ሲሰበሰብ ደምለው ተነሥቶ «ዋሽቻለሁ፤ ዓይን አልነበረም፣ የኔው ክፋት ነው» አለ።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ፍሬ በሰለ። ደምለው ከእትዬ ማንያህልሻል ቤት ወስዶ ለሁለት ቆረጠውና ግማሹን ሰጣቸው። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሲቀምሰው ያላየው ቆላ፣ ያልተሻገረው ወንዝ፣ የአስካለ ልጅነት ሁሉ በዓይኑ ላይ መጣ። «አሁን ገባኝ» አለ። ልጆችም ሽታውን ተከትለው እትዬ ማንያህልሻል ደጅ ተሰለፉ፤ እናቶቻቸውም አልከለከሏቸውም።

የደምለው ሐረግ በዚያ ዓመት ደረቀች። ዘሯ ግን ቀረ። እስከ ዛሬ በዚያ ሸለቆ የዚህን ፍሬ ችግኝ የሚለምን ሰው ሁለት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ከአጥር ወዲያ ላለው።

ወዳጆቼ፣ የሰው ዓይን ይጎዳናል ብለን የሸፈንነው በረከት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በመሸፈኑ ነው። እንዲያፈራ የሚያስፈልገውም ነገር እኛ በጠረጠርነው ሰው ጓሮ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ አንተ በሩን የዘጋህበት፣ አንቺም ሰላምታ የነፈግሽው ያ ሰው፣ በዚያ ቀን ምን ሊነግራችሁ መጥቶ ነበር?