ሰማያዊ የተቀባችው የአልጣሽ ጀልባ

በሐይቁ ዳር ላይ ላዩን ያማረ ነገር ሲመጣ ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አባባል አለች። ከመጽሐፍ አልወጣችም፤ የወጣችው ከአልጣሽ ጀልባ ቂጥ ነው።

ለአልጣሽ ባሏ ሲሞት የቀረችላት አንዲት ጀልባ ነበረች። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ስለበሰበሰ፣ አያ ስመኝ የሚባል አናጢ ነቅሎ በወፍራም ኮምፖርሳቶ እንዲተካላት ሰጠችው። የደሴቲቱ ታቦት የሚነግሥበት ቀን ሲደርስ ጀልባዋ ሰማያዊ ተቀብታ እንደ ሙሽራ አጊጣ መጣች። እንደ ልማዱም ቄሱ ጠበል ረጯት። ጠበል የተረጨባት ጀልባ ደግሞ ተሳላሚዎቹን አድርሳ እስክትመለስ መጥረቢያም መዶሻም አይነካትም፤ ነውር ነው።

ሰዉ ተሳፈረ። እማሆይ ጥሩወርቅ ከፊት ተቀምጠው መዝሙር ሊጀምሩ ሲሉ አልጣሽ የሞተሩን ማሰሪያ በእጇ አጠበቀች። ከሳንቃው ቡናማ ውሃ ተንጠፈጠፈ። ደግማ ብታጠብቀው ሳንቃው እንደ ረጠበ ቂጣ ሰረጎደ።

«ውረዱ!» አለች። ሰዉ እያጉረመረመ ወረደ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ከዳር ቆሞ የነበረው አያ ስመኝ።

«አሮጌውን መች ነቀልከው! በላዩ ስስ ኮምፖርሳቶ ለጥፈህ ቀባኸው እንጂ።»

«ጠበል ተረጭቶ የለም እንዴ? ሴት ልጅ ስለ እንጨት ምን አገባት!»

«ጠበሉ ለሰው ነው፤ ለብስባሽህ አይደለም። ካመንክበት ና፣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥ። መጀመሪያ እኔና አንተ ወደ ጥልቁ እንሂድ።»

«ዛሬ እንኳ ጉልበቴን አሞኛል።»

«ለመቀመጥ ጉልበት ምን ያደርጋል?» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ንግሡ ሊያመልጣቸው ነው። መጥረቢያ ስታነሣ ሲያዩማ፣ «የተባረከች ጀልባ ከመታሽ ከእንግዲህ የሚሳፈርልሽ የለም!» ብለው ዛቱባት። እንጀራዋ ይህችው ጀልባ ብቻ እንደሆነች እያወቁ ነው የዛቱት።

«አትሳፈሩ! ሬሳችሁን ከምለቅም ርግማናችሁን ልሸከም።»

ሳንቃውን መታችው። ሰማያዊው ልባጥ ተሰነጠቀና ከውስጡ እንደ እርጥብ እበት ጥቁር ብስባሽ አሸዋው ላይ ተዘረገፈ። የዛተው ሁሉ ሊያይ ተጠጋ።

«በል አሁን ከሥሩ ንቀለውና አዲስ ግጠም» አለችው። «እኔ ቆሜ አያለሁ።»

«እንዲህ አምሮ ሳለ!» ሲል አጉረመረመ አናጢው።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ከብስባሹ ቆነጠሩ፣ በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉትና አሉት፦ «ልጄ፣ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ውሃ ውስጡን ያያል።»