የኤሌክትሮኑ ቀለም

ዶክተር ፍሥሐጽዮን ዓይናቸውን ጨፍነው በተመስጦ ኤሌክትሮን ያዩ ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ነው፣ ያዜማልም ይሉ ነበር። በትምህርታቸው መካከል ማስረጃ የሚጠይቅ ሲገኝ፣ «መለኪያ መሣሪያ የውስጥ ዓይኑ ለታወረ ሰው ነው» ብለው ያሳፍሩታል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ ተከታዮቻቸውን አስከትለው ሲወጡ፣ የግቢውን ዘበኛ በሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እንደጨፈነ አገኙት። ዘበኛው ብንን ብሎ የከበበውን ሰው ሲያይ እንጀራው ሊቋረጥ እንደሆነ ገባው።

«በሥራ ሰዓት ትተኛለህ? ዕቃህን ሰብስብና ውጣ» አሉት ዶክተሩ።

«ኧረ አልተኛሁም ጌታዬ፣ ተመስጦ ላይ ነበርኩ።»

ዶክተሩ ወደ ተከታዮቻቸው ዞረው ፈገግ አሉ። «መልካም፤ እንግዲያው ያየኸውን ንገረን። ምንም ካላየህ ግን መንገዱን ታውቀዋለህ።»

«ኤሌክትሮኑን አየሁት» አለ ዘበኛው ኮፍያውን እያስተካከለ። «ቀይ ነው። ድምፅ የሚባል ነገርም የለውም።»

«ውሸታም፤ ሰማያዊ ነው።»

«እንግዲህ ከሁለት አንዳችን ዋሽተናል ጌታዬ። ያ የውስጥ ዓይኑ የታወረው ሰው መሣሪያውን ይዞ መጥቶ እስኪለየን ድረስ፣ እርስዎም ያስተምሩ፣ እኔም በሬን ልጠብቅ።»