በቁሟ የተለቀሰላት አህያ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እርስ በርስ መበላላት ሰልችቷቸው እድር ባቋቋሙበት አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥርሶቿ ያለቁባት አሮጊት አህያ ትኖር ነበር። ትልቁም ትንሹም «እማማ አህያ» ይላታል።

እድሩ ስመ ጥር እድር ነበር። ዳኛው አንበሳ ነው፤ አልቃሿ ጉሬዛ ናት፤ ጥሩንባ ነፊውና ጉድጓድ ቆፋሪው ደግሞ አያ ጅቦ። ሁለቱንም ሥራ የወሰደው ማንም ሳይለምነው ነው። ደንቡ «አባል አባልን አይበላም» ይላል፤ አባል ከሞተ በኋላ ስለሚሆነው ግን አንድም ቃል የለውም። አያ ጅቦ የሚቆፍረው ጉድጓድ ሁልጊዜ ጥልቀት ይጎድለዋል። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለቅሶ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም።

አንድ አባል ሲሞት ያንን ሸለቆ ማየት ነበር። ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለእንግዳ የሚነጠፈው ለምለም ሣር ከወንዝ ዳር ታጭዶ ይመጣል። የቀረ ይወቀሳል። ዓመቱን ሙሉ ተኳርፈው የከረሙት እንኳ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያለቅሳሉ። የጎረቤት ሸለቆ አራዊት «መሞትስ እንደነሱ ነው» እያሉ ይቀኑባቸው ነበር።

እማማ አህያ በጉልበቷ ዘመን ያልተሸከመችው የለም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የሚዳቋን ግልገሎች በጀርባዋ አሻግራለች። ጉሬዛ ከዛፍ ወድቃ ወገቧን በታመመች ጊዜ አንድ ወር ሙሉ አዝላታለች። የአንበሳ አባት የሞተ ዕለት ግን የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ አንሸራተታትና የኋላ እግሯ ተሰበረ። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ወንዝ መውረድ አልቻለችም። በደጇ ያለው ደረቅ ገለባ ብቻ ነው፤ ገለባ ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል።

ጎረቤቷ ቀበሮ ነበረች። ቀበሮ በውሸቷ የታወቀች ስለሆነች «እንደምን አደራችሁ» ስትላቸው እንኳ አራዊቱ መንጋቱን ለማረጋገጥ ሰማዩን ቀና ብለው አይተው ነው የሚመልሱላት። ይህቺ ቀበሮ በየማለዳው ወንዝ ወርዳ አንድ አፍ ለምለም ሣር ለእማማ አህያ ታመጣላት ነበር። የቀበሮ አፍ ግን ምን ያህል ሣር ይይዛል?

«ዛሬ ደግሞ ጭራሮ ቀላቅለሽበታል» አለቻት አህያ አንድ ቀን፣ በድዷ ቀስ እያለች እያላመጠች።

«ለመዓዛው ብዬ ነው እማማ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምናለ አንድ ቀን እውነት ብትናገሪ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? በጣም ከስተዋል።»

አህያ ማላመጧን አቆመች። «ዝናቡ ሲመጣ ደጄ ይለመልማል» አለች። «እስከዚያ እቆያለሁ። ደግሞ ይህን ለማንም እንዳትናገሪብኝ። በስተርጅና ለማኝ ተብዬ ልጠራ?»

ቀበሮ የአህያዋን ጎን አየች። አጥንቶቿ ከሩቅ ይቆጠራሉ። ዝናቡ ሊመጣ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ በዚህ አያያዝ እማማ አህያ ሁለት ሳምንት እንኳ አትቆይም። ስለዚህ ቀበሮ «እሺ፣ አልናገርም» አለቻትና በቀጥታ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደች።

ስብሰባው በሾላው ጥላ ሥር ነበር።

«እማማ አህያ ርቧታል» አለች ቀበሮ በመሐል ቆማ። «በየተራ አንዳንድ እቅፍ ለምለም ሣር ብናደርስላት ትተርፋለች። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሁሉም ሰማዩን ቀና ብለው አዩ።

«እሷ ራሷ መጥታ ለምን አልነገረችንም?» አለች ጉሬዛ።

«መራመድ ስለማትችል ነዋ።»

«ባለፈው ሳምንት በደጇ ሳልፍ እኮ ሰላም ብያታለሁ» አለች ሚዳቋ። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን ነው ያለችኝ።»

«ታዲያ ምን እንድትልሽ ፈለግሽ?» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ዳኛ አልነበረም፤ ደንብ የሚወድ ዳኛ ነበር እንጂ። «ቀበሮ፣ ነገሩ ያሳዝናል። ነገር ግን ይህ የለቅሶ እድር ነው። ሞታለች?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው ደንቡ አይፈቅድም። አያድርገውና ያረፈች ዕለት ግን ለማንም ተደርጎ የማያውቅ ለቅሶ እናደርግላታለን። ይህን ቃል እገባልሻለሁ።»

«እኔም በበኩሌ ዝግጁ ነኝ» አለ አያ ጅቦ።

ቀበሮ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ ከረመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸንጎ ቆማ እውነት ብትናገር አንዲት ዘለላ ሣር አላስገኘላትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደምታውቀው ሥራ ተመለሰች፤ አያ ጅቦን በዋሻው አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ጥሩንባህን አንሳ። እማማ አህያ አርፋለች።»

የጅብ ዐይኖች በሩ። ከዚያ ማዘን እንዳለበት ትዝ አለውና ጆሮውን ጣለ። «ምስኪን። ወፍራም ነበረች?»

«ከስታ ነው የሞተችው።»

«ምስኪን» አለ እንደገና፤ አሁን ግን ከልቡ ነበር። «ቀደም ብዬ ሄጄ አስከሬኑን ብጠብቅስ?»

«ጥሩንባውን ሳይነፋ ለቅሶ ቤት የገባ ጥሩንባ ነፊ ከእድሩ ይሰረዛል። ረሳኸው እንዴ?»

እንዲህ የሚል ደንብ አልነበረም። አያ ጅቦ ግን ደንቡ ሲነበብ ተኝቶ ስለነበር «እንዴት እረሳዋለሁ» አለና ጥሩንባውን አንስቶ ሮጠ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሸለቆው በሙሉ በእማማ አህያ ደጅ ተሰበሰበ። ድንኳኑ ተተከለ። በትልቅ ድስት ስንዴና ባቄላ ተቀቀለ። ለምለም ሣር ተነጠፈ፤ ከብዛቱ የተነሳ ሚዳቋዎች ተደናቅፈውበታል። እማማ አህያ ድካም ጥሏት በጎጆዋ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝታለች። ቀበሮ በሩ ላይ ቆማ «አስከሬኑን ገንዤዋለሁ፣ እንዳትገቡ» እያለች ትመልሳለች።

ጉሬዛ ነጭና ጥቁር ልብሷን አስተካክላ በመሐል ቆመች፤ ደረቷን እየመታች አለቀሰች።

«ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ፣ ብርድ ሲመጣ ቤቴ፣
በማን ልደገፍ ነው ዛሬስ እመቤቴ።»

ሸለቆው በዋይታ ተሞላ። «ልጆቼን ጎርፍ ሊወስዳቸው ሲል ያተረፈችልኝ እሷ ናት» አለች ሚዳቋ፣ እንባዋ እየወረደ። «የአባቴ ድንኳን የቆመው በሷ ትከሻ ነው» አለ አንበሳ፤ ድምፁ ተሰበረ። ጉሬዛም የተሸከመቻትን አንድ ወር ቀን በቀን እየጠራች አለቀሰች። የሚያስመስል አልነበረም። ሁሉም የሚያወራው እውነቱን፣ የሚያነባውም ከልቡ ነበር። ቀበሮ ለነገሩ ሁሉ ምክንያት እሷ ሆና ሳለ አብራ አለቀሰች።

በዚህ መሐል የጎጆው በር ገርበብ አለ። እማማ አህያ ጭንቅላቷን አወጣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው፤ ጥሩንባውን አልሰማሁም» አለች። «የሞተችው ማን ናት? ስታነሷት እንደሰማሁት እንዴት ያለች ጎረቤት ኖራለች። እኔ ሳላውቃት መቅረቴ። እስቲ እግሬን ደግፉኝና መጥቼ ከናንተ ጋር ላልቅስላት።»

የጉሬዛ እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለ አያ ጅቦ። «እኔ እኮ ቆፍሬያለሁ።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ያልሞተን ሞተ ብሎ እድር የጠራ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ይባረራል።» ቀበሮ ጅራቷን ከእግሮቿ መካከል ከተተች። «ያን ቀን በሾላው ሥር እውነቱን ነግሬያችሁ ነበር። ሰማዩን አያችሁ። ዛሬ ዋሸሁ፤ ይኸው ሣሩም እህሉም መጣ። የኔ አፍ ትንሽ ነው ጌታዬ። ከማለዳ እስከ ማታ ብመላለስ እንኳ አንዲት አህያ አያጠግብም። ከፈለጋችሁ አባርሩኝ፤ ሣሩን ግን ትታችሁላት ሂዱ።»

እማማ አህያ ነገሩ ገባት። ድንኳኑን አየች፣ የተነጠፈውን ሣር አየች፣ ድስቱን አየች። ሲለቀስላት የነበረችው ያቺ ጎረቤት ማን እንደሆነች ሲገባት ጆሮዎቿ ዝቅ አሉ።

«ሣሩን አንሱት ልጆቼ» አለች በቀስታ። «ንፍሮውንም መልሱ። ይህ የመጣው ለሞተ ነው፤ እኔ ደግሞ አልሞትኩም። በውሸት የመጣ እህል አይወርድልኝም።»

ወደ ውስጥ ልትመለስ ዞረች። እግሯ አልታዘዝ አላትና በደጃፉ ላይ ተንበረከከች። ሁሉም ጎኗን በደንብ ያዩት ያኔ ነው። ሚዳቋ «ደህና ነኝ» ያለቻትን አህያ አየች፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ደግሞ መልሳ አየቻት።

አንበሳ ተነሳ። በቅል ንፍሮ አስጨለፈና ይዞ ሄደ፤ ያ ሁሉ አራዊት እያየው በአሮጊቷ አህያ ፊት መሬት ላይ ተኛ፤ ዐይኑ ከዐይኗ እኩል ሆነ።

«ይብሉ እማማ።»

«ደንቡስ ጌታዬ?»

«ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን። እኛው እናስተካክለዋለን።»

«የቀብሬ እህል ነው እኮ።»

«አይደለም» አለ አንበሳ። «የዘገየ እህል ነው። ጥፋቱም የእኛ ነው።»

እማማ አህያ አፏን ከፈተች፤ አንበሳም አጎረሳት። ንፍሮው በደንብ በስሎ ስለነበር ጥርስ አላስፈለገውም።

ያን ቀን ድንኳኑ ሳይነቀል እድሩ ተሰበሰበ። ረጅም ክርክር ነበር። «ለተራበ ሁሉ ሣር ስናመላልስ ልንኖር ነው?» ያሉ ነበሩ። «ዛሬ ያመላለስነው መቼ ከበደን?» ብለው የመለሱም ነበሩ። በመጨረሻ አንበሳ ፍርዱን ሰጠ።

«ቀበሮ ዋሽታለችና ትቀጣለች። ቅጣቷም ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በየስብሰባው ቀድማ ተነስታ በሸለቆው ውስጥ ማን እንደራበውና ማን እንደታመመ ትናገራለች። እኛም ሰማዩን ሳናይ እንሰማታለን። ጥሩንባው ከሞት በፊት ይነፋ።»

«ከሞት በፊት ከተነፋማ እኔ ምን ልቀብር ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«አንተ ሣሩን ከወንዝ ታመላልሳለህ።»

«ለምን እኔ?»

«አፍህ ከሁላችንም ይሰፋል» አለች ቀበሮ። «ደግሞ ሣር አትበላም። በመንገድ ላይ አይጎድልም።»

አያ ጅቦ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረው። በማግስቱ ማለዳ አፉን በሣር ሞልቶ መጣ፤ እማማ አህያም «ተባረክ ልጄ» አለችው። በዕድሜው ሙሉ «ተባረክ» ያለው አልነበረምና በሚቀጥለው ቀን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ መጣ። ጉሬዛ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ጋማዋን ታበጥርላት ጀመር። የሚዳቋ ግልገሎችም በተራቸው ልጆች ወልደው ነበርና እነዚያን ይዘው እየመጡ ያሳዩአት ነበር።

እማማ አህያ ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት አየች። በአራተኛው፣ ዝናቡ ጎጆዋን ሲመታ፣ ጎረቤቶቿ በዙሪያዋ ተቀምጠው ሳሉ ተኝታ በዚያው አሸለበች። ድንኳን ተተከለ፤ ሁሉም መጣ። ጉሬዛ ግን በመሐል ቆማ ጥቂት አሰበችና የለቅሶ ግጥም ሳትገጥም ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምነው?» አላት አንበሳ።

«የምለውን ሁሉ በቁሟ ነግሬያታለሁ» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የተቸገረ ጎረቤትን በቁሙ መደገፍ የአንድ ደግ ሰው ችሮታ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ድርሻ መሆኑን ነው።