ሆዱን በአዋጅ ያስፈራራው ንጉሥ

በድሮ ዘመን፣ አዋጅ እንደ ክረምት ዝናብ በሚወርድበት አገር፣ ግዛቸው የሚባል ንጉሥ ነበረ። ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ትዕግሥቱ ግን ትንሽ ነበረች። በዚያው አገር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። እሷ ደግሞ ፈሪ ናት፤ ብትፈራም ግን አፏ ዝም አይልም።

ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ፣ "ያለ እኔ ፈቃድ ማንም ንቅንቅ እንዳይል!" ብሎ አወጀ።

ሕዝቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲሰማ አንዱ አዛጋ። ታሰረ። አንዷን አስነጠሳት። ታሰረች። ከዚያ የየሻረግ ባል የአንለይ ሆድ ጉርርርር አለ።

"ማነው የተናገረው?" አለ ንጉሡ።

"እኔ አይደለሁም ጃንሆይ፣ ሆዴ ነው።"

"ሆድህ የማን ነው?"

"የኔው ነው።"

"እንግዲያው አብራችሁ ትታሰራላችሁ!"

አንለይና ሆዱ አብረው ወህኒ ወረዱ።

በማግስቱ የሻረግ ለባሏ ስንቅ በሶ በአገልግል ይዛ ቤተ መንግሥት ሄደች። ተራዋን ስትጠብቅ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። "ቁም!" አለችው፤ አልሰማትም። ልቧ ድው ድው አለ። "ቀስ በል!" አለችው፤ ጭራሽ ባሰበት። 'ጉድ እኮ ነው! የገዛ ገላዬ እኔን ካልሰማ፣ ንጉሡን እንዴት ይሰማል?' ብላ አሰበች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለ ንጉሡ።

"ባሌ ይፈታልኝ ጃንሆይ። ሆዱ የጮኸው ሳያዘው ነው።"

"ውሸት! የኔ ገላ ሳላዘው ንቅንቅ አይልም፤ እዪ!" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አጠፈ። ጡንቻው እንደ ድንች ጉብ አለ። "የፊተኛው ሲስብ ይታጠፋል።" ደግሞ ዘረጋው። "አሁን የኋለኛው ሳበ፣ የፊተኛው ለቀቀ። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጌ ነው የቀጠርኳቸው!"

መኳንንቱ አጨበጨቡ።

"ክንድዎስ እውነትም ታዛዥ ነው" አለች የሻረግ። "ልብዎስ?"

"ልቤም ያው ነው! ደግሞ ያ የሚሸተው ምንድን ነው?" አለና አገልግሉን ከፈተ። በሶውን በደረቁ ዘግኖ ቃመ። ደግሞ ቃመ። ሦስተኛውን ሊውጥ ሲል፣ ህቅ!

"ማን ስምዎን አነሳ ይሆን?" አለ አንድ መኮንን፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

"ዝም በል!" ብሎ ንጉሡ ሆዱ ላይ ጮኸ። ህቅ!

አዋጅ ነጋሪው ተጠራ። ከንጉሡ ሆድ ፊት ተንበርክኮ ነጋሪት ጎሰመ። "ስማ! ሳትታዘዝ የተንቀሳቀስህ እንደሆነ ትቀጣለህ!" ህቅ!

"እሰሩት!" አለ ንጉሡ። ወታደሩ ሰንሰለት ይዞ ሆዱን ዞረው፤ ዞረው፤ ቸገረው። "ጃንሆይ፣ ለብቻው አይወጣልኝም እኮ!" ህቅ!

አዋጁን ሁሉም ያውቃል፤ ሳይፈቀድለት የተንቀሳቀሰ ይታሰራል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ንጉሡ ወደ የሻረግ ጎንበስ ብሎ፣ "አንቺ ሴት፣ ምን ይሻለኛል?" አላት በሹክሹክታ።

የሻረግ ሳቅ አፈናት። ባሏን አስባ ዋጠችው።

"በግ ስንበልት አይቼዋለሁ ጃንሆይ። ከጎድን አጥንት ሥር ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ። ወደ ታች ሲሳብ አየር ይገባል፤ ሲለቅ ይወጣል። የእርስዎ አሁን በሶው አስደንግጦት ነው። እሱም፣ ልብዎም፣ አንጀትዎም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ነው የሚሠሩት። ይህን ካልወደዱ ከአሁን ጀምሮ እርስዎ ይዘዟቸዋ።"

"አዛለሁ! እስትንፋስ፣ ግባ! ውጣ! ልብ፣ ምታ! ድገም! አንጀት፣ ፍጭ! እስትንፋስ፣ ግባ..."

ይሄኔ አሳላፊው ብቅ አለ። "ጃንሆይ፣ ምሳ ይቅረብ?"

ንጉሡ ስለ ምሳው ሲያስብ "ውጣ" ማለቱን ረሳ። ጉንጩ ተነፋ። ዓይኑ ፈጠጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ውጣ ይበሉት! ውጣ ይበሉት!" ብለው መኳንንቱ ተንጫጩ።

ፉፉፉፉ ብሎ ለቀቀው። ስቅታውም በዚያው ጠፋ።

ንጉሡ ግን አልሳቀም። "ስተኛስ ማን ያዝልኛል?" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ማንም።"

"እኔም ከረሳሁ?"

"ያኔማ አገሩ ሌላ ንጉሥ ይፈልጋላ።"

ንጉሡ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልቡ ሳይታዘዝ ይመታል። ሲወለድም፣ ሲተኛም፣ ሲቆጣም ሲመታ ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አዋጁ ቀርቷል! ያዛጋውም፣ ያስነጠሳትም፣ ሆዱ የጮኸውም ይፈቱ!"

የሻረግ ምክሯ ተወዶ በቅሎ ከነኮርቻዋ ከነመረሻቷ ተሸለመች። አንለይ ከወህኒ ወጥቶ ሲያያት አቅፎ ከመሬት አነሳትና፣ "ኧረ ወገቤን!" ብሎ መልሶ አስቀመጣት። እየተሳሳቁ ቤታቸው ገቡ።

አያችሁ ልጆቼ፣ የሚገዛ ሰው ሁሉን ልዘዝ ካለ መተንፈስም ያቅተዋል። ሥራውን የሚያውቀውን ይሥራ ብሎ መተው፣ አመስግኖም ማደር ደግ ነው።

ምላስም ጡንቻ ናት፤ የኔዋ እንግዲህ ደከማት። ተረቱን እናንተ ያዙት፣ ለእሷ ውሃ አምጡላት።