ለአማት የተገዛው ሞተር

አንድ ሰው ነበር፤ ልብስ ሰፊ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ የመዘምራን ልብስ ይሰፋል፣ የተቀደደ ሱሪ ብታመጡለትም አይንቅም። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ነው፤ እግሩ መርገጫው ላይ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ። ስሜን አትጥራ ብሎ ስለለመነኝ ሱሎሬ እንበለው።

ልብስ ሰፊ ምን ይመኛል ትላላችሁ? ሰፋ ያለ ሱቅ? አዲስ የስፌት መኪና? ሱሎሬ የሚመኘው መንገድ ነበር። ወጣት ሳለ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት መንገደኞች በትልቅ ሞተር መጥተው ሱቁ ፊት ለፊት ቆሙና ውኃ ጠጡ። ሞተሩ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ፣ ከግራና ከቀኙ የዕቃ ሣጥን፣ ከላዩ ለሁለት ሰው የሚደላ ወንበር ነበረው። ውኃቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። የሱሎሬም ልብ ተከትሏቸው ሄደ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተመለሰም።

መመኘት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ቆዩ፣ አትቸኩሉብኝ።

ሚስቱ ብዙነሽ ትባላለች። የብዙነሽ እናት፣ እማማ ጀማነሽ፣ ገጠር ነው የሚኖሩት። ወደ እሳቸው ለመሄድ ግማሽ ሰዓት በሚኒባስ ይኬድና መገንጠያው ላይ ይወረዳል። ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው፤ በበጋ ጠጠር፣ በክረምት ጭቃ። እማማ ጀማነሽ ከብዙነሽ በቀር ልጅ የላቸውም። ልባቸው ደክሟል። ከቤታቸው እስከ እንሰቱ ሥር እንኳ ሁለት ጊዜ አርፈው ነው የሚደርሱት። ብዙነሽም ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም በየወሩ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ሱሎሬ ለሚስቱ ሞተር ሊገዛ እንዳሰበ ነገራት። ለምን ብትለው፣ «ለእናትሽ ብዬ ነው» አላት። «በየሳምንቱ ቅዳሜ እንሄዳለን። ሲያማቸውም ከኋላዬ አስቀምጬ ሐኪም ቤት አመጣቸዋለሁ።»

ብዙነሽ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች። እናቷም ወሬው ሲደርሳቸው የነበረቻቸውን አንዲት ላም ሸጠው፣ ለልጄ እግር ይሁናት ብለው ላኩላቸው።

ሰውየው ዋሸ? አልዋሸም። ሲናገረው ራሱም አምኖት ነበር። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ የራሱን ምኞት የሌላ ሰው ልብስ አልብሶ አደባባይ ያወጣዋል። ልብስ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ማልበሱ አይቸግረውም።

አዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ ያገለገለ ሞተር እንደሚሸጥ ተሰማ። ሱሎሬ መካኒክ የሆነውን ወዳጁን ሙዘይንን ይዞ ሄደ። ግቢው ሲገቡ ሞተሩ ጥላ ሥር ቆሟል። ያ ከሃያ ዓመት በፊት ያየው ዓይነት ነው። ሱሎሬ ገና ሳይጠጋው ገዝቶታል፤ የቀረው ወሬ ነው።

ሙዘይን ግን ሥራውን ያውቃል። ሳይነሣ በፊት ቀዝቃዛ መሆኑን ለማየት ሞተሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ሲቀዘቅዝ አልነሣ የሚል ሞተር ከሆነ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ይጠብቃልና። አስነሥቶ አዳመጠ። ሰንሰለቱን አየ፣ ጎማውን አየ፣ በሆዱ ተኝቶ ሥሩን አየ። መሐንዲሱም ጨዋ ሰው ስለነበረ አንድ ጊዜ ወድቆ የተቧጨረውን ሳይደብቅ አሳያቸው፤ የሚሸጠውም ወገቡን ስለሚያመው መሆኑን ነገራቸው።

ከዚያ ሙዘይን ሱሎሬን ወደ ጎን ወሰደው። «ጤነኛ ሞተር ነው» አለው። «ግን የአስፋልት ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጎኑ ሁሉ ፕላስቲክ ነው። አማትህ ጋ የሚያደርስህ ገበሬው የሚነዳው ቀላሉ ሞተር ነው። ያንን ብትገዛ በሚተርፍህ ብር ላማቸውንም ትመልስላቸዋለህ።»

ሱሎሬ ሰማ። ሰምቶ ሲያበቃ ያ መንገድ በቅርቡ አስፋልት ይሆናል መባሉን ነገረው። ያ መንገድ እስከ ዛሬ አስፋልት የሆነ ይመስላችኋል?

ገዛው። መንጃ ፈቃዱን ከዓመት በፊት አውጥቶ ነበር፤ ለማን ብሎ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በመጀመሪያው እሁድ ከጉባኤ በኋላ ብዙነሽን ከኋላው አስቀምጦ ወደ አላባ ወሰዳት። ወገቡን ይዛ፣ ሻሿን ንፋስ እያርገበገበው ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ላይ አጎንብሶ የምታውቀው ባሏ ከፊቷ ሌላ ሰው ሆነባት። በርበሬ ገዝተው በጎን ሣጥኑ አስገቡ። ስትስቅ ዋለች። በትዳራቸው ውስጥ ደስ ያለ ቀን ካለ እሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሞተሩን እንዳትጠሉት ነው። ሞተሩ ያጠፋው አንዳች ነገር የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ እማማ ጀማነሽ ተነሡ። ብዙነሽ ስኳርና መድኃኒት ያዘች፤ ለእናቷ ያስፈተለችውን ጋቢም ያዘች። መገንጠያውን ገብተው ብዙም ሳይርቁ አንድ ጠጠር ተስፈንጥሮ ጎኑን መታው። ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ ገና ባልደረቀው ጭቃ ውስጥ ሥሩ ከድንጋይ ጋር ተፋጨ። ሱሎሬ አቆመ። ወረደና መሬት ላይ ተንበርክኮ አየው። ጣት የምታህል ጭረት ነች። በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሻሻት። ብዙነሽ ጋቢውን ታቅፋ ቆማለች። የእናቷ ቤት ያለበት ጉብታ ከቆመችበት በሩቁ ይታያል።

መንገዱ ሲደርቅ እንመጣለን አላት። ተመለሱ።

መንገዱ ደረቀ። ያኔ ደግሞ አቧራ ሆነ፤ አቧራ ሰንሰለት ይበላል አለ። ከዚያ የፍሬኑ ዕቃ አለቀና ከዱባይ በሰው እስኪመጣ ሁለት ወር ተጠበቀ። ዕቃው መጣ፤ ጎማው ሳሳ። ጎማው ተገኘ፤ በልግ ገባ። ብዙነሽ እንደ ድሮዋ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ልብ በሉ፤ እቤቷ ሞተር ቆሞ፣ ለእናቷ የተገዛ ሞተር ቆሞ፣ እሷ ጉልበቷን በሻሽ አስራ በእግሯ።

ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል፣ ዝናብ ያዝገዋል ብሎ ሱሎሬ ከቤታቸው ጋር የተያያዘችውን የጎን ክፍል በር አስፍቶ ሞተሩን ወደ ውስጥ አስገባው። ካለው ጨርቅ ሁሉ መርጦ ከውስጥ ገበር ያለው ልብስ ሰፋለት። የመዘምራኑ ልብስ ለበዓሉ አልደረሰም፤ የሞተሩ ደረሰ። ከሱቅ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው ወደዚያች ክፍል ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱን ይዞ ብቻውን ደርሶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ሲወለውል ያመሻል።

እማማ ጀማነሽ ባሰባቸው። ብዙነሽ ባሏን፣ «እማዬን እናምጣትና ጎን ክፍል ትተኛ» አለችው። «ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው።»

ሱሎሬ ጥቂት አሰበ። «ሞተሩስ የት ያድራል?» አላት።

ብዙነሽ አልመለሰችለትም። እናንተ ባሎች፣ ሚስታችሁ ስትጮህባችሁ ተመስገን በሉ። ዝም ስትላችሁ ፍሩ።

ሰኔ ገባ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከገጠር ተደወለ። እማማ ጀማነሽ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ብዙነሽን አምጡልኝ ይላሉ ተባለ። ብዙነሽ እየሮጠች ወደ ሱቁ መጣች። ሱሎሬ ወደ ሰማይ አየ። ሲነጋጋ ዘንቦ ነበር፤ ደመናውም አልተገፈፈም። ያንሸራትተናል አላት፤ ሁለታችንም ወድቀን እንሰበራለን አላት፤ ነገ ካባራ በጠዋት እንነሣለን አላት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀች። መገንጠያው ላይ ወርዳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጭቃውን ተያያዘችው። እናቷ ደጃፍ ስትደርስ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። እማማ ጀማነሽ ያረፉት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ለሱሎሬ ደወሉለት። መርዶውን ሲሰማ ምን እንደሆነ ሲነግረኝ፣ የስፌት መኪናው ራሱ ቆመብኝ ነው ያለኝ። ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ቤት ሮጠ። ገበር ያለውን ልብስ ገፎ ወረወረውና ሞተሩን አስነሣ። እየዘነበ ነበር። አስፋልቱን ጨርሶ ጭቃው ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ወደቀ፤ መስታወቱ ተሰበረ። ሁለተኛ ወደቀ፤ ጎኑ ተሰነጠቀ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አነሡለት። ድንጋዩ ከሥር እየፋጨው፣ ጭቃው እስከ ወንበሩ እየተረጨበት ሄደ።

ደረሰ። ከበሩ ተነሥቶ እማማ ጀማነሽ ደጃፍ እስኪቆም አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀበት።

ብዙነሽ እንሰቱ ሥር ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ሞተሩን አየችው። ጭቃውን አየች፣ የተሰነጠቀውን ጎኑን አየች። ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችውና፣ «ይደርሳል ለካ» አለች።

ሌላ አልጨመረችም። አልተራገመችም፣ አላማረረችም። ይደርሳል ለካ። ወገኖቼ፣ ከዚህ የከበደ ፍርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሰውየው ምክንያት አላስቀረችለትም። ጭቃው አይደለም፣ አቧራውም አይደለም፣ መካኒኩ ያለውም አይደለም። መድረስ ይቻል ነበር። ዋጋው መስታወትና ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ሱሎሬን ልታጽናና አጠገቡ ተቀመጠች። እማማ ጀማነሽ ሞተሩ ከተገዛ ወዲህ በመንገዱ ሞተር ባለፈ ቁጥር፣ በሩን ክፈቱልኝ፣ ልጆቼ መጡ ይሉ እንደነበር አጫወተችው። የሚያልፈው የወተት ነጋዴው ሞተር ነው፤ እሳቸው ግን እስኪርቅ ድረስ በሩ አይዘጋ ይላሉ። ሴትዮዋ ክፋት የላትም። ምን ያህል ይወዱህ እንደነበር እንድታውቅ ብዬ ነው አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ነገር አትጠብቁ። ሱሎሬ ሞተሩን አስጠግኖ ሸጠው። ሙዘይን ያኔ የነገረውን ቀላሉን ሞተር ገዛ። በጠጠሩ ላይ እንደ ፍየል ይሄዳል። የጎን ክፍሏን አጸዳ፣ ቀለም ቀባ፣ አልጋ አስገባ። ማንም አይተኛባትም። ብዙነሽ በየወሩ የእናቷን መቃብር ልታይ ስትነሣ ሞተሩን አስነሥቶ በር ላይ ይጠብቃታል። በእግሬ እሄዳለሁ ትለውና በአጠገቡ አልፋ ትሄዳለች። ይኸው አራት ዓመት ሆነ።

አብረው ይኖራሉ። ራቱን ታቀርብለታለች፤ እሁድ አጠገቡ ተቀምጣ ትዘምራለች። ይቅር አላለችውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያታለሁ። «ይቅር ብዬዋለሁ» አለችኝ። «እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ።

ሱሎሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ታሪኩ ይቀለን ነበር፤ እኛ እንደሱ አይደለንም ብለን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። የደከመ፣ አንድ ነገር የተመኘ፣ ያገኘውንም የሳሳለት ሰው ነው። እናንተስ? ለእናንተ ብዬ ነው ብላችሁ የያዛችሁት ነገር የለም? ለልጆቻችን ብለን ሶፋ ገዝተን ልጆቻችንን መሬት የምናስቀምጥ የለንም? አባታችንን እንድናገኝበት ስልክ ገዝተን፣ አገሩን ሁሉ አግኝተንበት፣ አባታችን ድምፃችንን ከሰማ ስንት ወሩ ነው? ለሚስቴ ብዬ ነው የምሠራው የምትል አንተ፣ ሚስትህ መቼ ነው ያየችህ?

ይህስ አዳራሽ? ለደከመው ሰው ብለን አይደለም ወይ የሠራነው? ባለፈው እሁድ አንድ ሰው ከነጭቃው መጣ። ምንጣፉን እንዳያበላሽ ብለን በሩ ላይ አቆምነው፤ ጥቂት ቆሞ ሄደ። አይታችሁታል። እኔም ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ስብከቴን አላቋረጥኩም።

እግዚአብሔር ይቅር ይላል። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሰብኬዋለሁ፣ አምነዋለሁም። ነገር ግን ይቅርታ ያገኘ ሰውም ቢሆን ያረፈችን እናት ከኋላው አስቀምጦ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት አይችልም። ይቅርታ ነፍስን ያድናል እንጂ ረቡዕን አይመልስም። ይህን ሳልነግራችሁ ይቅርታን ብቻ ብሰብክላችሁ አታልያችኋለሁ።

አሁን ይህን ስናገር አንድ ሰው በሐሳባችሁ መጥቷል። መጥቷል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ስሙን አትንገሩኝ። በሕይወት አለ? በሕይወት ካለ፣ እናንተ ዛሬ ከሱሎሬ ትሻላላችሁ፤ የምትሻሉት ግን በዚህ ብቻ ነው።

የመዝጊያውን መዝሙር ዛሬ እንተወዋለን። ጸሎቱንም አሳጥራለሁ። ውጭ እየዘነበ ነው። እንዲያባራ አትጠብቁ፤ ሂዱ።