ሞላው አልችል አለ፣ ትርንጎም አልከሳ አለች

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ወዲህ፣ ሥራ ያለው ወዲያ! «ቀጥይ» በሉኝ እንጂ። ጎሽ!

ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል ከተማ ትርንጎ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ትልቅ ሴት ናት። ወፍራም ማለቴ ነው፤ እሷ ያላፈረችበትን እኔ ምን ያሽኮረምመኛል? ከገደሉ ማዶ ባለው መንደር ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ትርንጎ ቦርሳዋን አንግታ፣ ሞተሯን አስነስታ፣ በአቧራው መንገድ ወርዳ ወጥታ ትደርስላታለች። በእግር ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ችግሩ የሞተሩ ሞላ ነው። ያ ከመቀመጫው ሥር ያለው ጥምዝምዝ ብረት ገና ስትቀመጥበት እጥፍ ብሎ ይተኛል። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ጓ! አድርጎ ይወረውራታል። ባለፈው ገደሉ ውስጥ ጥሏት ወገቧን ይዛ ተመለሰች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ስመኘው ግን አላዘነላትም። «ሞተር የተሠራው ለሰው ነው፣ ለጎተራ አይደለም። ወይ ክሺ፣ ወይ ነገ ሞተሩን ለቀጭን ሰው እሰጠዋለሁ» አላት።

«አዎ፣ ጎተራ ነኝ!» አለች ትርንጎ። «ጎተራ ያለው አገር አይራብም። የማዶ እርጉዞችን ያ ቀጭን ሰው ሊያዋልዳቸው ነው? እኔ አልከሳም፤ ሞላው ይጠንክር!»

የፈለገችው ይኼንኑ ብቻ ነው፤ ሞላው እንዲችላት። ሄደችና «አንተ ሞላ፣ ቻለኝ እንጂ!» አለችው።

«አልችልሽም» አለ ሞላው። «አናቴ ላይ የተጠመጠመው ቀለበት ዞሮ ጫን ብሎ ካላጠበቀኝ ምን ጉልበት አለኝ?»

ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎም አልከሳ አለች።

ሄደች ወደ ቀለበቱ። «አንተ ቀለበት፣ ዙርና ሞላውን አጥብቀው!»

«አልዞርም» አለ ቀለበቱ። «የስንት ክረምት ጭቃና ዝገት ይዞኛል። የሞተር ጠጋኝ ቁልፍ ነክሶ ካልያዘኝ ንቅንቅ አልልም።»

ቀለበቱ ሞላውን አላጠብቅ አለ፣ ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎም አልከሳ አለች።

ሄደች ወደ ሽባባው ቤት። ሽባባው ሞተር ይጠግናል፣ ብረትም ይቀጠቅጣል፤ ራሱ ደግሞ ሸንበቆ ነው። «እትዬ ትርንጎ፣ ምን ያደክምሻል?» አላት። «የጎማ ቁራጭ ሞላው መሃል ልወትፍበትና እንደ ድንጋይ ይጠንክር። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው እንዲህ ነው።»

«አገሩ ሁሉ ወገቡን ይዞ ነዋ የሚሄደው! ድንጋይ ላይ ልቀመጥ አልኩህ? ሞላ ሊተኛም ሊነሳም ነው የተፈጠረው። ቁልፍህን አምጣ!»

ቆልማማው ቁልፍ ከግድግዳው ላይ ሆኖ መለሰላት፤ «አልይዝም! ጥርሴ ዶልዱሟል። እሳት አግሎኝ ካልተሳልኩ በድዴ ልንከስ?»

ቁልፉ ቀለበቱን አልይዝ አለ፣ ቀለበቱ ሞላውን አላጠብቅ አለ፣ ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎም አልከሳ አለች።

ሄደች ወደ እሳቱ። «አንተ እሳት፣ ቁልፉን አግለው!»

«አላግልም» አለ እሳቱ ከአመዱ ሥር። «ወናፉ ካልነፋልኝ ቆሎ እንኳ አልቆላም።»

እሳቱ ቁልፉን አላግል አለ፣ ቁልፉ ቀለበቱን አልይዝ አለ፣ ቀለበቱ ሞላውን አላጠብቅ አለ፣ ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎም — በሉ እናንተ ጨርሱት — አልከሳ አለች!

ሄደች ወደ ወናፉ። «አንተ ወናፍ፣ እሳቱን ንፋ!»

«አልነፋም» አለ ወናፉ እያፏጨ። «ቆዳዬ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቅቤ ካልቀባችሁኝ ትንፋሽ ከየት አመጣለሁ?»

ወናፉ እሳቱን አልነፋ አለ፣ እሳቱ ቁልፉን አላግል አለ፣ ቁልፉ ቀለበቱን አልይዝ አለ፣ ቀለበቱ ሞላውን አላጠብቅ አለ፣ ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎም አልከሳ አለች።

በከተማው ቅቤ ያለው እማማ ዝማም ቤት ብቻ ነው፣ እሱም በቅል ተከድኖ። «እማማ ዝማም፣ ለወናፉ ትንሽ ቅቤ ይስጡኝ» አለች ትርንጎ።

«ወግጂልኝ!» አሉ እማማ ዝማም ቅሉን አቅፈው። «የአራስ ቅቤ ለወናፍ? ይኼ የልጄ የፈንታነሽ ነው። ማዶ ናት፤ ጠዋት ምጥ ጀምሯታል ብለው ልከውብኛል። ወልዳ በገንፎ እስክትበላው ድረስ ንጉሥ ቢመጣ አልከፍተውም!»

ቅቤው ከቅሉ አልወጣ አለ፣ ወናፉ እሳቱን አልነፋ አለ፣ እሳቱ ቁልፉን አላግል አለ፣ ቁልፉ ቀለበቱን አልይዝ አለ፣ ቀለበቱ ሞላውን አላጠብቅ አለ፣ ሞላው ትርንጎን አልችል አለ። ትርንጎ ግን አሁን የራሷን ነገር ረሳች።

«ፈንታነሽ ምጥ ላይ ናት? ማን ሊያዋልዳት ነው?»

«አንቺ ነሻ! ሌላ ማን አለን?»

«በምን ልሂድ? ቅቤው ካልወጣ ወናፉ አይነፋ፣ ወናፉ ካልነፋ እሳቱ አያግል፣ እሳቱ ካላጋለ ቁልፉ አይነክስ፣ ቁልፉ ካልነከሰ ቀለበቱ አይዞር፣ ቀለበቱ ካልዞረ ሞላው አይችለኝ! እኔ ካልደረስኩላት፣ እማማ፣ አራስ ከሌለ የአራስ ቅቤ ለማን ነው?»

እማማ ዝማም «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ቅሉን ከፈቱት።

አሁን ጥድፊያ ነው! ቅቤው ከቅሉ ወጣ፣ ወናፉ እሳቱን ነፋ፣ እሳቱ ቁልፉን አጋለ፣ ሽባባው ቀጥቅጦ ጥርሱን አሾለ፣ ቁልፉ ቀለበቱን ነከሰ፣ ቀለበቱ ሲጥ ብሎ ዞረ፣ ሞላው ጠበቀ። ሽባባው ዘሎ ተቀመጠበትና ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አለ። «ልክ ሆኗል!»

«ውረድ!» አለች ትርንጎ። «ገደሉን የምትወርደው አንተ ነህ? ሞላ የሚለካው የሚጋልበው ሰው ተቀምጦበት ነው። እኔው ከነቦርሳዬ ልቀመጥ።» ተቀመጠች። ሽባባው ከጎማው እስከ መቀመጫው በስንዝር ለካ፤ ሞላው አሁንም ይሰጥማል። «ጨምር!» አለችው። ቀለበቱን አዞረው። «ጨምር!» ደግሞ አዞረው። ሞላው ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። «እሱ ነው!» አለችና ሞተሩን አስነሳችው።

አቶ ስመኘው ገደሉ አፋፍ ላይ ሞተሩን ሊሰጠው ካሰበው ቀጭን ሰው ጋር ቆሞ ነበር። አቧራዋን አልብሳው አለፈች። ጉድጓዱ መጣ። ሞላው ተኛ፣ ሞላው ተነሳ፣ ትርንጎ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።

ፈንታነሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አመሻሹ ላይ እማማ ዝማም የቀረውን ቅቤ ይዘው በእግራቸው ደረሱ፤ አቶ ስመኘውም ሞተሩን ተከትሎ፣ በላብ ተጠምቆ ከኋላቸው። እልልታው ቀለጠ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ፈሰሰ። አራሷ ጠገበች። ትርንጎም አንድ ሳህን ጨርሳ ሳህኗን ዘረጋች።

«ኧረ ይብቃሽ፣ መመለሻ አለሽ» አለ አቶ ስመኘው።

«እማማ ዝማም፣ ይጨምሩልኝ!» አለች ትርንጎ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ሞላው ችሎኛል፤ እርስዎም ይቻሉኝ።»

ተረቴን ውሰዱት፤ ገንፎ የተረፈ እንደሆነ ግን ወዲህ በሉ።